የሰሞነኛው ጠጠር

የበደለችኝ ትርንጎ ናት፤ የባሌ እህት። የበደለችኝም ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ጾመ ፍልሰታ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከድብ ባሕር ወጣ ብላ ባለችው ደብራችን ደጃፍ ላይ፣ ከቅዳሴ የሚወጣው ሕዝብ እየሰማ ነው። ባሌ ቄስ ምህረቴ እዚያው ቆሞ ነበር። መስቀሉን እንደያዘ ዝም አለ። ይህን ሁሉ ዓመት የሁለቱን ስም ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። አሁን እጽፈዋለሁ።

ያኔ እኔ የቄስ ሚስት ነበርሁ፤ በቁርባን የተዳርሁ። በእኛ ዘንድ ቄስ የሚያገባው አንድ ጊዜ ነው። ሌላ ካገባ ክህነቱ ይቀራል። እኔም ብሆን በቆረብሁበት ጸንቼ መኖር እንጂ ሌላ ማየት አላሰብሁም። ልጅ አልሰጠንም። ቢሆንም ቤታችን ሸጋ ቤት ነበር። እሱ አመሻሽ ላይ ከደብሩ ሲመለስ ገና ከአጥሩ ውጭ ሁለት ጊዜ ይስላል፤ ጉንፋን ይዞት ሳይሆን መምጣቱን እኔ እንዳውቅ ነው። ያችን ሳል ስሰማ እሳቱን ቆስቆስ አደርጋለሁ። ጎንደር ከገባሁ በኋላ ስንት አመሻሽ ጆሮዬን ወደ በር አቁሜ እንዳሳለፍሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሕመሙን ከማንም በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ። ሽንት ብሎ ወደ ጓሮ ሲወጣ ይቆያል። ተከትዬ ባየው፣ ሽንቱ መፍሰስ ይጀምርና በመሃል እንደተቆረጠ ክር ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ ግድግዳውን በእጁ ይዞ ወደ ቀኝ ጎኑ ሲያዘነብል እንደገና ይመጣል። ሲጨርስ የጋቢውን ጫፍ ይነክሳል። አንዳንዴ የሸናበት ድንጋይ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ደም አያለሁ።

«ምነው ደባርቅ ሄደህ ብትታይ?» ብለው፣

«ደም እንዳለብኝ ከታወቀ መቅደስ የሚያስገባኝ የለም፤ ዝም በይ» አለኝ።

ደብራችን ትንሽ ናት፤ ካህናቱም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ሰሞነኛነቱ፣ የሳምንት ቀዳሽነቱ ማለቴ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይደርሰዋል። ቀዳሽ ደግሞ ቅዳሴ ከገባ በኋላ ለሽንት ብሎ ከመቅደስ አይወጣም። እሱ ለዚህ አንድ ዘዴ ነበረው። ሰሞነኛ በሚሆንበት ሳምንት፣ ቅዳሴውን ጨርሶ ማታ እህል ሲቀምስ እንኳ ውኃ ከንፈሩን አያስነካም። ሕመሙ ሲጠና ሰሞኑ ሊገባ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቀረው ጀምሮ ይተው ጀመር። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ሲቀድስ አየዋለሁ። ሰዉ «የጸሎት ሰው ነው» ይለዋል።

እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ እናቴ ለአባቴ ታደርግለት የነበረውን። ገብስ ቀቅዬ ውኃውን አጠልልና አቀዘቅዝለታለሁ። ሰሞነኛ ባልሆነበት ቀን ሲጠጣ ትንሽ ይቀልለዋል።

ትርንጎ ባሏ ሞቶባት ወደ ወንድሟ ቤት የመጣች ያን ዓመት ነው። ልብሱን ስታጥብ ደሙን አየች። የገብሱን ውኃ ማሰሮም አየች። ለእኔ ምንም አላለችኝም። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ግን በደጀ ሰላሙ መሃል ነጠላዬን ያዘችኝ።

«ሰዎች ስሙ! ወንድሜን ጨብጥ አስይዛዋለች!» አለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ ደባርቅ ገበያ ምን ልትሸምት ነበር የምትሄደው? መድኃኒቱንስ ማን አስተማራት? መድኃኒቱን የምታውቅ በሽታውን የምታውቅ ናት!»

አንዲት አሮጊት ሊያበርዱልኝ ብለው «ኧረ ተይ ልጄ፣ ጨረቃ ላይ ሸንቶ ይሆናል» አሉ። በአገራችን ወንድ ፊቱን ወደ ጨረቃ አዙሮ ከሸና ያቃጥለዋል ይባላል።

«ጨረቃውስ እሷው ናት!» አለች ትርንጎ። ሰው ሳቀ።

ወደ ባሌ አየሁ። ከአፉ አንድ ቃል ብቻ ነበር የምፈልገው። «ውሸት ነው» ቢል ይበቃ ነበር። መሬት መሬት አየ። በማግስቱ ወደ ጎንደር በሚሄደው መኪና መስኮት በኩል ተቀምጬ፣ የደብራችን የጽድ ዛፎች እስኪጠፉ ድረስ አንገቴን አዙሬ ሄድሁ።

ጎንደር ውስጥ መጀመሪያ ከወለቃ ሸክላ እያመጣሁ ቸረቸርሁ። በኋላ ከአንድ ሆስፒታል ጀርባ ሁለት ክፍል ቤት ይዤ አምስት አልጋ ዘረጋሁና ከገጠር በሽተኛ ይዘው ለሚመጡ አስታማሚዎች ማከራየት ጀመርሁ። ከደባርቅ መስመር የመጣ ሰው ሲያርፍብኝ ስለ ዝናቡና ስለ ገብሱ እጠይቃለሁ። ከዚያ እግረ መንገዴን እንደሚጠይቅ ሰው «በዓሉንስ ማን ቀደሰ?» እላለሁ። «ቄስ ምህረቴ» ሲሉኝ በሕይወት መኖሩን አውቄ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ሰው ይልክብኛል ብዬ ነበር። መጀመሪያ በፋሲካ ይልካል አልሁ፤ ከዚያ በመስቀል አልሁ፤ ከዚያ መቁጠሩን ተውሁት፤ መጠበቁን ግን አልተውሁም።

ባለፈው ኅዳር ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ ስምንት ሰዓት ገደማ በሬ ተንኳኳ። መንገድ ተዘግቶ ሰንብቶ የተከፈተ ሰሞን ስለነበር እንግዳ ይበዛ ነበር።

«ቤቶች! አልጋ አለ ብለው ነው የላኩን» አለች አንዲት ሴት።

ድምጿን ከመልኳ በፊት አወቅሁት። ከፈትሁ። ትርንጎ አርጅታለች፤ ጥርሷም ጎድሏል። ስታየኝ በእጇ የያዘችው ፌስታል ወደቀ። ከኋላዋ፣ አጥሩ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ፣ ጋቢ ተከናንቦ ሆዱን በሁለት እጁ የያዘ ሽማግሌ ተቀምጧል። ቀና አለ።

«ዘውዴ» አለ።

ዘውድነሽ የሚሉኝ አሉ፤ እማማ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ዘውዴ ያለኝ ሰው ግን ሃያ ሁለት ዓመት አልነበረም።

ትርንጎ ዞር ብላ «ተነሥ አያ፤ ሌላ ቤት እንፈልግ» አለችው።

«መራመድ አልችልም» አለ።

«አልጋው ባዶ ነው። ግቡ» አልሁ። ድምፄ ለማንኛውም አስታማሚ የማሰማው ድምፅ ነበር። በዚያ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

አልጋው ላይ ሲጋደም ፊቱ በላብ ተጠመቀ። «ሆስፒታሉ ለነገ ጠዋት ነው ያለን። ወገቡን ነው፤ ብርድ ነው» አለች ትርንጎ፣ ማንም ሳይጠይቃት። በጣሳ ውኃ አመጣሁለት። በእጁ መለሰው።

«ነገም ሰሞነኛ ነህ?» አልሁት።

ትርንጎ ገላመጠችኝ። እሱ ግን ከሕመሙ መሃል ፈገግ ለማለት ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ያን ጊዜ ጋቢው ገለጥ ሲል ከእምብርቱ በታች ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ አየሁት።

«ከሸናህ ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«ምነው! እሱን ደግሞ አንቺን ምን አገባሽ?» አለች ትርንጎ።

«ከትናንት ማታ ወዲህ ጠብ አላለም» አለ እሱ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ።

በዚህ ቤት ብዙ በሽተኛ አይቻለሁ። ሽንቱ የተዘጋ ሰው ለነገ እንደማይባል አውቃለሁ። ባጃጅ ጠራሁ። ትርንጎ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል ደግፈነው ወጣን። ክንዱ ቀሏል። ጋቢው ግን ያው የያኔ ጠረኑ ነበረው፤ የጽድና የጧፍ። መንገዱን ሁሉ ወደ ውጭ እያየሁ ሄድሁ።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ትርንጎን አስገብታ እኔን ከመጋረጃው ውጭ ተወችኝ። ሁሉም ይሰማኛል።

«አባቴ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«ወገቤን።»

«ብርድ ነው የኔ እመቤት» አለች ትርንጎ።

ሐኪሟ ሆዱን ስትነካው ጮኸ። ወንድ ነርስ ጠርታ በቀጭን ጎማ ሽንቱን እንዲያወጣለት አደረገች። ጎማው ከብዙ ትግል በኋላ ገባ። ሽንቱ ሲወርድ «ተመስገን፣ ተመስገን» ሲል ሰማሁት። ወዲያው ነርሱ «ደም አለው» አለ።

«ከዚህ በፊት ሲሸኑ ያቃጥልዎት ነበር?»

«የለም።»

«ደምስ አይተው ያውቃሉ?»

«የለም።»

«መቼ ጀመረዎት ታዲያ?»

«ትናንት።»

«በእርስዎ ዕድሜ ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢ ሲያብጥ እንዲህ ያደርጋል። ለጊዜው ጎማው ይኑርልዎትና መድኃኒት ጀምረው በሌላ ጊዜ ይመጣሉ» አለች። ወረቀት ስትጽፍ ይሰማኛል።

በሌላ ጊዜ! መንገዱ ነገ ይዘጋ እንደሆነ ማን ያውቃል? ድብ ባሕር ይመለሳል፤ ጎማው ይቆሽሻል፤ ትርንጎ ብርድ ነው እያለች ታሞቀዋለች፤ ይሞታል። እውነቱን የማውቅ ደግሞ እኔ ነኝ። ብናገር የምናገረው የተባረርሁበትን ነገር ነው፤ ያውም ባባረረችኝ ሴት ፊት። ዝም ብል የሚወቅሰኝ የለም። ዝምታውን በዝምታ ልመልስለት እችል ነበር። አንባቢ ሆይ፣ አልዋሽህም፤ እዚያ መጋረጃ ሥር ቆሜ ይህን ጥቂት ቀመስሁት፤ ጣፈጠኝም። ሐኪሟ መጋረጃውን ገልጣ ስትወጣ ግን እጄ ጋውኗን ይዞት አገኘሁት።

«ዶክተር፣ አንዴ ስሚኝ።»

«እርስዎ ማን ነዎት እማማ?»

«አከራያችን ናት» አለች ትርንጎ ከውስጥ ፈጥና።

«ሚስቱ ነኝ» አልሁ።

ነርሱ ሁለታችንን አፈራርቆ አየ። ባሌ ዐይኑን ጨፈነ። እኔም ነገርሁ፤ ሽንቱ በመሃል እንደሚቆረጥ፣ ግድግዳ ይዞ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል እንደሚመለስ፣ ሲጨርስ ጫፉ ላይ እንደሚያመውና ጋቢውን እንደሚነክስ፣ ደሙን፣ ይህ ሁሉ ከተጀመረ ሃያ ሦስት ዓመት እንደሞላው።

ሐኪሟ ተመልሳ ተቀመጠች። «ጎኑን ሲለውጥ ነው የሚመጣው ያሉኝ?»

«አዎ።»

«አባቴ፣ እውነት ነው?»

ዐይኑን ገለጠ። «እውነቷን ነው» አለ። ለዚህች ቃል ነበር ደጀ ሰላም ላይ የቆምሁት። በሃያ ሁለት ዓመቷ መጣች።

አልትራሳውንድ ወሰዱት። ስክሪኑ ላይ፣ በጥቁሩ መሃል፣ አንድ ነጭ ነገር አለ። ሐኪሟ «ጎንዎን ይለውጡ እስቲ» አለችው። ሲዞር ነጩም አብሮ ተንከባለለ።

«ጠጠር ነው። ፊኛው ውስጥ ነው ያለው፤ የዶሮ እንቁላል ያህላል። ሲሸኑ መጥቶ መውጫውን ይደፍነዋል። ዘንበል ሲሉ ይለቃል። ይህ በኪኒን አይሟሟም፤ በቀዶ ጥገና ነው የሚወጣ።»

ያን ጊዜ ትርንጎ አልቻለችም። «ዶክተር፣ ጨብጥ አይደለም?» አለች።

«ጨብጥማ መግል ይኖረው ነበር፤ እንዲህ ሆኖም ይህን ሁሉ ዓመት አይቆይም። በመርፌና በኪኒን የሚድን ነው፤ ሚስትም አብራ ትታከማለች» አለች ሐኪሟ። «ወንድ ሲሸና የሚያቃጥለው በብዙ ምክንያት ነው እናቴ። በግንኙነት የሚተላለፍ አለ። ዝም ብሎ የሽንት ቧንቧ ቁስለት አለ፤ እሱም መድኃኒቱን ከጨረሱት ይድናል። ዕጢ አለ። ጠጠር አለ። ሽንቱ ሳይመረመር ይህ ነው የሚል ሰው ይዋሻል።» ወደ እሱ ዞረች። «ውኃ ይጠጣሉ አባቴ?»

እኔ ቀድሜ መለስሁ። «አይጠጣም። ሰሞነኛ ነው። ከመቅደስ እንዳይወጣ ብሎ ውኃ ይተዋል።»

ሐኪሟ አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ ነካች። «ዕጢውም አብጧል፤ እሱም ሽንትዎን አስቀርቶብዎታል። ግን ውኃ ማጣትዎና ሽንት ይዘው መዋልዎ ነው ጠጠሩን እንዲህ ያሳደገው። ፈጣሪ ይህን የጠየቀዎት አይመስለኝም» አለችው።

ኮሪደሩ ላይ ትርንጎ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «እኔ ምን አውቄ... ሰው ሲያወራ ሰምቼ...» አለች።

«ሰው አላወራም። አንቺ ነሽ ያወራሽው። ሰው የሳቀው ካንቺ በኋላ ነው» አልኋት።

በማግስቱ ቀደዱት። ጠጠሩን በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አድርገው ሲሰጡ ተቀባይዋ እኔ ነበርሁ፤ ትርንጎ እጇን አልዘረጋችም። ቡናማ ነው፤ ሻካራ ነው፤ ከበድ ይላል። ለዚህ ነገር ነበር ቤቴን ያጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ትርንጎ ልብስ ልታጥብ ወጥታ ብቻችንን ሆንን። የገብስ ውኃ ቀቅዬ አምጥቼለት ነበር። ሐኪሟ ጠጣ ያለችው ንጹሑን ውኃ ነው፤ የገብሱ የራሴ ነው። በማንኪያ ሳይሆን በጣሳ፣ እስከ ጫፉ ጠጣው።

«ዘውዴ፣ አንቺ በሄድሽ በዓመቱ ደባርቅ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር» አለ።

«እና?»

«ሽንቴን መረመሩት። ከሴት የሚመጣ በሽታ የለብህም አሉኝ። ወደ ጎንደር ወረቀት ጻፉልኝ። ቀደድሁት።»

ጣሳውን ያዝሁ። «አውቀህ ነበር?»

«አውቄ ነበር።»

«ምነው ታዲያ አልላክህብኝ?»

«ምን ብዬ? ‹ንጹሕ ናት› ካልሁ ‹ታዲያ ደሙ ምንድን ነው› ይሉኛል። እየደማሁ መቀደሴ ይወጣል። መቅደሱን መረጥሁ ዘውዴ። ሰው ‹ሚስቱ በድላው በትዕግሥት የኖረ› ይለኛል፤ እኔም ዝም ብዬ እሰማለሁ።» እንባው በጉንጩ ወደ ትራሱ ወረደ። «አሁን ግን ነይ እንሂድ። ቤቱ ያንቺው ነው። ማድጋሽ እንኳ ከቦታው አልተነሣም።»

ያን ቃል ስንት ጊዜ በራሴ ድምፅ ለራሴ ብዬዋለሁ! ነይ እንሂድ። በደሉ ከትርንጎ አፍ የወጣው ብቻ ቢሆን፣ እሱ ባለማወቅ የዋለ ቢሆን፣ ያን ቀን አልጋዎቼን ትቼ እከተለው ነበር። እሱ ግን ሃያ አንዱን ዓመት አውቆ ነው የኖረው። እኔ «በዓሉን ማን ቀደሰ» እያልሁ እየጠየቅሁ ሳለ እሱ ያውቅ ነበር። ጣሳውን እንደገና ሞልቼ ሰጠሁት።

አሁን ለእናንተ ልናገር። ባሎች፣ ሲያቃጥላችሁ ጨረቃን አትፈልጉ፤ ሚስቶቻችሁንም አትፈልጉ፤ ሐኪም ፈልጉ፤ ሐኪም ፊት ስትቀርቡም ወገቤን አትበሉ። ሚስቶች፣ ጓሮ የምታዩትን የምታዩት እናንተ ብቻ ናችሁ፤ ተናገሩ። እኔ ተናግሬ ጠላቴን አዳንሁ ብዬ አላውቅም፤ የምወደውን ሰው ነው ያዳንሁ። ከዳነ በኋላ ግን ስወደው የኖርሁት ሰው ድብ ባሕር እንደሌለ ገባኝ። እሱ እኔው ጎንደር ውስጥ፣ በር በሩን እያየሁ፣ የሠራሁት ሰው ነበር። የሚናፍቀኝ አሁንም እሱ ነው። ለእሱ መድኃኒት አላገኘሁም።

ሁለት ወር ቆይቶ፣ ጥር ላይ፣ ጠጠሩን በመሐረብ ቋጥሬ ወደ ደብራችን ሄድሁ። ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ሰንበቴ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጠጠሩን በቀሳውስቱ ፊት አስቀምጬ ቆምሁ። ወደ ምህረቴ አየሁ፤ ጊዜ ሰጠሁት። ተነሣ። «ይህ ከእኔ ሆድ የወጣ ነው። እሷ ንጹሕ ናት። አውቄ ነው ዝም ያልሁት፤ እየደማሁም ቀድሻለሁ» አለ። ድምፁ ስለደከመ ከኋላ ያሉት «ምን አለ? ምን አለ?» ይሉ ነበር። ከፊት ያሉት ቃል በቃል ነገሯቸው። መስቀሉን ለደብሩ አለቃ ሰጥቶ ተቀመጠ። የሳቀ የለም።

ጠጠሩን አንሥቼ ትርንጎ መዳፍ ላይ አኖርሁት። እህል ቅመሽ አሉኝ፤ አልቀመስሁም። ወደ መኪናው መንገድ ስወርድ ከአጥሩ ጀርባ ሁለት ጊዜ ሲያስል ሰማሁት። ጎንደር የሚሄደው መኪና ላይ ወጣሁ። መስኮት በኩል ቦታ ነበር፤ አልተቀመጥሁበትም።